ማጠቃለያው የተወው የመጨረሻ መስመር

ይህ ነገር የደረሰብኝ ባለፈው ዓመት የፍልሰታ ጾም ሊፈታ ሲል ነው። እስከ ዛሬ ድረስ «ሁሉም ሰላም ነው» የሚል አጭር መልእክት ሳይ ልቤ ድንግጥ ይላል። ሰላም ነው የተባለ ሰው ደስ ሊለው ይገባ ነበር። እኔ ግን ያን ሰሞን ከዚያ ቃል በታች ምን ሊኖር እንደሚችል ስላየሁ እንደ ድሮዬ ማመን አልሆነልኝም።

ተወልጄ ያደግሁት ይርጋለም ነው። ሰቆጣ የመጣሁት ለእንጀራ ነው። ፍየልና በግ ከገበሬው ገዝቶ መሃል አገር ላለ ቄራ የሚያቀርብ አንድ የግል ድርጅት እዚህ ቅርንጫፍ ሲከፍት የገበያ መረጃ ሠራተኛ አድርጎ ቀጠረኝ። ስመጣ ዘመድ አልነበረኝም። አሁንም በሥጋ የለኝም፤ እማማ ታደለች ግን አሉ። በእሳቸው ግቢ አንዲት ክፍል ተከራይቼ እኖራለሁ። ቤተ ክርስቲያን የምንሄደው አብረን ነው። እናቴ ስትደውል ከእኔ በፊት የምትጠይቀው የእሳቸውን ጤና ነው።

ሁለተኛው ዘመዴ ጋሽ ኃይሉ ናቸው፣ የድርጅታችን ሹፌር። መጀመሪያ ቀን ከአውቶቡስ ስወርድ ሻንጣዬን የተቀበሉኝ እሳቸው ነበሩ። «ይቺን የቆጮ አገር ልጅ ማን ነው እዚህ ድንጋይ ላይ ያመጣት?» አሉና ሳቁብኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሜ ወይንሸት መሆኑን የረሱት ይመስል «የቆጮዋ» ነው የሚሉኝ። ሌላ ሰው ቢለኝ እቀየማለሁ። እሳቸው ሲሉኝ ግን አባቴ የጠራኝ ያህል ነው።

ሥራዬ እንዲህ ነው። በዚሁ በሰቆጣ ዙሪያ፣ አበርገሌ፣ ዝቋላና ሌሎችም ቦታዎች ፍየል የሚገዙልን ሰዎች አሉ። በየሳምንቱ በገበያው ያዩትንና የሰሙትን በስልክ ጽፈው ይልካሉ። ድሮ ያንን ሁሉ አንብቤ አዲስ አበባ ላለው ዋና መሥሪያ ቤት ሪፖርት የምጽፈው እኔ ነበርኩ። በኋላ ድርጅቱ ጽሑፎቹን ራሱ አንብቦ ማጠቃለያ የሚያወጣ ሲስተም አስገባ። አለቆቹ ስክሪኑን ሲከፍቱ ለእያንዳንዱ ገበያ ሁለት ሦስት መስመር ያገኛሉ። ጎኑ ላይ ደግሞ ቀለም አለ። አረንጓዴ ከሆነ ግዙ፣ ቢጫ ከሆነ ጠብቁ፣ ቀይ ከሆነ ተው ማለት ነው።

ስለ ሲስተሙ ክፉ ለመናገር አልተነሳሁም። ብዙ ድካም አቅልሎልኛል። ያን ዓመት ፍልሰታን ሳላቋርጥ ያስቀደስኩት ቀድሞ ለንባብ የሚሄደው ሰዓት ስለተረፈኝ ነው። እንዲያውም ስለ እሱ እግዚአብሔርን አመስግኜ ነበር።

የአበርገሌው ገዢያችን ዲያቆን ኪሮስ ይባላል። በአብነት ትምህርት ቤት ያደገ ሰው ነውና የፍየል ዋጋ ሲጽፍ እንኳ ለጳጳስ የሚጽፍ ነው የሚመስለው። መጀመሪያ ሰላምታው ይመጣል። የእኔን ደህንነት ይጠይቃል፣ አይቷት የማያውቃትን የይርጋለሟን እናቴን ይጠይቃል፣ የሳምንቱን ክብረ በዓል ያነሳል። ከዚያ ገበያው ይቀጥላል። መጨረሻ ላይ «ከዚህ በተረፈ» ይልና የቀረውን ይጽፋል። ሲስተሙ ያንን ሁሉ ሁለት መስመር አደረገው።

ጋሽ ኃይሉ ይህን ሲሰሙ «ዲያቆን ኪሮስን ያሳጠረ ማሽን ከሆነማ ቅዳሴውንም ይስጡልን» አሉ።

«ጋሽ ኃይሉ! በጾም!» አልኳቸው።

«ቀለድኩ እንጂ መቼ አስቀደስኩ አልኩሽ» ብለው መኪናቸውን ማጠብ ቀጠሉ።

በዚያ ሳምንት የአበርገሌው ማጠቃለያ እንዲህ የሚል ነበር፦ «ሁኔታው ሰላማዊ ነው። የፍየል አቅርቦት በከፍተኛ ደረጃ ጨምሯል። ዋጋ ቀንሷል። ጥሩ የግዢ ዕድል አለ።» ቀለሙ አረንጓዴ ነበር።

ወዲያው የዋናው መሥሪያ ቤት የግዢ ኃላፊ አቶ ዳዊት ደወለ። ትሑት ልጅ ነው፤ ሥራውንም ይወዳል። «ወይንሸት፣ አበርገሌን አየሽው? እንዲህ ያለ ገበያ በክረምት አይገኝም። ሌሎች ሳይደርሱበት መኪናው ነገውኑ ይውረድ» አለኝ። እኔም ለጋሽ ኃይሉ ነገርኳቸው።

ረዳታቸው ለበዓሉ ወደ ቤተሰቡ ሄዶ ነበርና ብቻቸውን ለመውረድ ተነሱ። ሐሙስ ጠዋት ካፊያ እየጣለ በግቢያችን በኩል አለፉ። እማማ ታደለች በር ላይ ቆመው ነበር። ጋሽ ኃይሉ በመስኮት ብቅ ብለው «እማማ፣ ለጾሙ መፍቻ ከአበርገሌ አንዲት የሰባች ፍየል መርጬ አመጣልዎታለሁ። እስከዚያ ሽሮዎን በትዕግሥት ይብሉ!» አሉ።

«አንተ ብቻ በደህና ተመለስ፤ የፍየሏ ነገር ይደርሳል» አሏቸው እማማ።

አርብ ከሰዓት በኋላ ከቅዳሴ ወጥቼ ቢሮውን ለመዝጋት ተመለስኩ። ማንም አልነበረም። ነጠላዬ በዝናብ ርሷል። ከመሄዴ በፊት ትንሽ ተቀመጥኩ። ያን ዕለት የቤቴ ናፍቆት ጠንቶብኝ ነበር። ይርጋለም ቢሆን ኖሮ በዚያ ሰዓት እህቶቼ ለመፍቻው ሲሯሯጡ፣ እናቴ ደግሞ በሁሉም ላይ ስትቆጣ ይታየኝ ነበር። እዚህ ባዶ ቢሮ ውስጥ የኮርኒሱን ጠብታ እሰማለሁ።

ያኔ የዲያቆን ኪሮስ ሰላምታ ትዝ አለኝ። ሲስተሙ ከመጣ ጀምሮ የእሱን ጽሑፍ ሙሉውን አንብቤው አላውቅም ነበር። እናቴን በምን ቃል ጠይቋት ይሆን አልኩና ዋናውን ጽሑፍ ከፈትኩት። እውነቱን ለመናገር የከፈትኩት ለሥራ ብዬ አይደለም። ሰላም የሚለኝ ሰው ፈልጌ ነው።

ጽሑፉን ከስልኬ አላጠፋሁትም። እንዲህ ይላል፦

«ለተከበርሽው እህታችን ለወይንሸት። እንደምን ሰነበትሽ? ጾሙስ እንዴት ይዞሻል? ይርጋለም ያሉት እናታችን ደህና ናቸው ወይ? እኛ ሁላችን የእመቤታችን ምልጃ ሳይለየን፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነን። አገሩም ሰላም ነው። ገበያውን በተመለከተ የዚህ ሳምንት ገበያ ፍየል በፍየል ሆኖ ውሏል። ሰው ያለውን ሁሉ ይዞ ወጥቷል። ዋጋውም ወርዷል፤ ገዢ ደስ ብሎታል። ከዚህ በተረፈ፣ ከወንዙ ማዶ ያሉ ሰዎች ፍየሎቻቸው ሳይታመሙ እየወደቁባቸው ነው። የታረዱትም ደማቸው አልረጋ አለ ይላሉ። አንድ አባት እጃቸው ላይ ጥቁር ቁስል ወጥቶባቸው ጸበል ወርደዋል። ስሙን መጥራት አልወደድኩም፤ እናንተ ታውቁታላችሁ። በጸሎታችሁ አስቡን።»

መጀመሪያ በሰላምታው ፈገግ እንዳልኩ እስከ ታች ወረድኩ። መጨረሻው ላይ ስደርስ ፈገግታዬ ፊቴ ላይ ደረቀ። እንደገና ወደ ላይ ተመለስኩ። «ሰው ያለውን ሁሉ ይዞ ወጥቷል» የሚለው አሁን ሌላ ሆኖ ታየኝ። ፍየሉ የበዛው ስለረባ አልነበረም። ሰዉ በረት ውስጥ ሳያልቅበት ለመሸጥ እየተሽቀዳደመ ነው። ሲስተሙ ጥሩ ዕድል ያለው ይህንን ነው።

ሥራ ስንጀምር የእንስሳት ሐኪሞች ስልጠና ሰጥተውን ነበር። በድንገት የሚወድቅ ከብት፣ የማይረጋ ደም፣ በሰው እጅ ላይ ጥቁር ቁስል። ዲያቆን ኪሮስ ሊጠራው ያልወደደው ስም በአእምሮዬ መጣ። አባሰንጋ። ከእንስሳው ወደ ሰው የሚተላለፍ፣ በሥጋውም በደሙም የሚይዝ በሽታ ነው። ሰውን ይገድላል።

ጋሽ ኃይሉ ዘንድ ደወልኩ። ስልካቸው አይሠራም። ኪሮስ ዘንድ ደወልኩ፤ እሱም አይሠራም። ቆላው ላይ ኔትወርክ እንዲህ ነው። አንድ ኮረብታ ላይ ይመጣል፣ ቁልቁል ስትወርድ ይጠፋል። ደግሜ ደጋግሜ ሞከርኩ። ቁጥሩን መሳት ጀመርኩ።

አቶ ዳዊት ግን አነሳ። ነገርኩት።

«ቆይ፣ ስክሪኑ ከፊቴ ነው» አለኝ። «አበርገሌ አረንጓዴ ነው እኮ።»

«ሲስተሙን ተወውና ዋናውን አንብበው።»

አነበበው መሰለኝ። ከዚያ «በሽታ የሚል ቃል የት አለ? ሞተ የሚልም የለም» አለኝ።

«የለም።»

«ታዲያ አንቺ በምን አወቅሽ?»

«በጸሎት አስቡን ብሏላ፣ ዳዊት!»

እንደ ጮኽኩበት የታወቀኝ በኋላ ነው። እሱ አዲስ አበባ ያደገ ልጅ ነው፤ ግን ያን ያህል አልጠፋውም። «እሺ፣ እሺ፣ መኪናውን አቁሙት። ለበላይ አካል እኔ እናገራለሁ» አለ።

በምን ላቁመው? መኪናው የት እንዳለ አላውቅም።

በደብራችን አብረውን የሚያስቀድሱ የእንስሳት ሐኪም አሉ፤ ዶክተር ሀብታሙ ይባላሉ። ደወልኩላቸውና የኪሮስን ጽሑፍ አነበብኩላቸው። የመጨረሻውን ድገሚልኝ አሉ። ደገምኩላቸው።

«ደሙ አልረጋም ነው የሚለው?»

«አዎ ዶክተር።»

«ሹፌራችሁን እንዳገኘሽው አንድ ነገር ብቻ ንገሪው። ቢላ እንዳያነሳ። ሌላውን እኛ እንደርስበታለን።»

ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ወለሉ ላይ ተንበረከክሁ። ጸሎት አልመጣልኝም። «እመቤቴ፣ ስልኩን አስነሺልኝ» ብቻ ነው ያልኩት።

ስልኩ ጮኸ። ጋሽ ኃይሉ ነበሩ። ነፋሱ ከድምፃቸው ጋር ይሰማኛል።

«የቆጮዋ! ይሄን ሁሉ ጊዜ ደውለሽልኛል፣ ምነው? እንዲህ ናፈቅሁሽ?»

«ጋሽ ኃይሉ፣ ይስሙኝ፣ ምንም ፍየል እንዳያርዱ! ቢላ...»

«ኧረ የምሥራች ልንገርሽ! የእማማ ታደለችን ፍየል፣ ያቺን የመረጥኳትን፣ መንገድ ላይ አጥወለወላት። ልትሞትብኝ ነው ብዬ መኪናውን አቁሜ፣ በስመ አብ ብዬ፣ ነፍሷ ሳትወጣ ደረስኩባት። በክት ላበላችሁ ኖሯል? ሥጋዋን በማዳበሪያ...»

መስመሩ ተቋረጠ።

ለማያውቅ አንባቢ ላስረዳ። እኛ ክርስቲያኖች በራሱ የሞተ እንስሳ በክት ነው ብለን አንበላም። ስለዚህ አንድ ከብት ዓይኑ ሲገላበጥ ያየ ሰው ወደ ቢላ ነው የሚሮጠው። ሳይሞት ከታረደ ተባርኮ ይበላል፤ ከሞተ ይጣላል። የድሃ ቤት ደግሞ መጣል አይወድም። አባቴም እንዲህ ሲያደርግ አይቼዋለሁ። ያን ቀን እኔ ራሴ ከጋሽ ኃይሉ አጠገብ ብኖር «ቶሎ በሉ» ነበር የምላቸው። ከሁሉ በላይ ያስፈራኝ ይኸው ነው። ያደረጉት ደግ የምንለውን ነው።

ወደ ቤት ሮጬ ለእማማ ታደለች ነገርኳቸው። እሳቸው ከእኔ ጋር ሁልጊዜ በአማርኛ ነው የሚያወሩት። ያኔ ግን አባሰንጋ የሚለውን ቃል እንደሰሙ ወደ ጎረቤታቸው ዞረው በኽምጣኛ መነጋገር ጀመሩ። አንድም ቃል አልገባኝም። ጎረቤታቸው እጇን አፏ ላይ ስትጭን ግን አየሁ።

ዶክተር ሀብታሙ መኪናውን ከተማ ሳይገባ ለማስቆም ወደ መግቢያው ኬላ ሄደው ነበር። እኔም ሄድኩ። እማማ ታደለች «ብቻሽን አልለቅሽም» ብለው ጋቢያቸውን ደርበው ተከተሉኝ። ካፊያው አላቆመም። በመጣው መኪና ሁሉ እንነሳለን፣ እንቀመጣለን። እማማ ከንፈራቸው ብቻ ይንቀሳቀሳል። ስንቴ «መጡ» እንዳልኩ እግዚአብሔር ይወቀው።

ሊመሽ ሲል መጡ። ሲያዩን ጥሩንባ እየነፉ ቆሙና ዘለው ወረዱ። ማዳበሪያውን ከጀርባ አውርደው ለእማማ ሊያስይዟቸው እጃቸውን ሲዘረጉ «እንዳይነኩት!» ብዬ ጮኽኩ። ኬላው ላይ ያለ ሰው ሁሉ ዞረ።

«ምን ሆነች ይቺ ልጅ?» አሉ ጋሽ ኃይሉ።

እኔ ማዳበሪያውን አላየሁም። ያየሁት ጣታቸውን ነው። ጠቋሚ ጣታቸው በጨርቅ ቁራጭ ተጠቅልሏል፤ ጨርቁ በደም ጠቁሯል።

«ጣትዎ ምን ሆነ?»

«ይቺ? ምንም አይደለችም። ብቻዬን ይዤ ብቻዬን ሳርድ ቢላው አዳልጦኝ ነው።»

ዶክተር ሀብታሙ ጓንት እያጠለቁ ቀረብ አሉ። ፊታቸውን ከጋሽ ኃይሉ ጣት ላይ ሳያነሱ በቀስታ ነገሩን አስረዷቸው። ጋሽ ኃይሉ መጀመሪያ አላመኑም። «ሳትሞት እኮ ነው የታረደችው። በክት አይደለችም። እማማ፣ ይንገሯቸው እንጂ!» አሉ።

እማማ ታደለችም «እውነት ነው፣ ከታረደችማ...» ብለው ጀመሩና ወደ እኔ ዞሩ። እኔ የማልጾም፣ የማላስቀድስ ልጅ ብሆን ኖሮ አይሰሙኝም ነበር ብዬ አስባለሁ።

«እማማ፣ እኔም በክት ናት አላልኩም» አልኳቸው። «ሞት ግን አለባት።»

እማማ እጃቸውን ሰበሰቡ። ጋሽ ኃይሉ ጣታቸውን አንስተው የሌላ ሰው ጣት ይመስል አዩት።

ሥጋው እዚያው ከከተማው ውጪ ጥልቅ ጉድጓድ ተቆፍሮ ኖራ ፈሶበት ተቀበረ። ፍየሎቹም ከሌሎች ጋር እንዳይቀላቀሉ ለብቻቸው ታገዱ። ጋሽ ኃይሉን እጃቸውን በሳሙና ደጋግመው አሳጥበው ሆስፒታል ወሰድናቸው። ያየቻቸው ሐኪም ወጣት ሴት ናት። መድኃኒት ሰጠቻቸውና እንዲህ አለች፦ «አባባ፣ ጣትዎ ላይ ትንኝ የነከሰው የሚመስል ነገር ከወጣ፣ ኋላም ከጠቆረ ሮጠው ይምጡ። ካመመዎት አይደለም የምፈራው። ካላመመዎት ነው።»

ስንወጣ ጋሽ ኃይሉን የክርስትና ስማቸውን ጠየቅኋቸው።

«ገብረ ማርያም። ምነው ጠየቅሽኝ? ልሞት ነው እንዴ?»

«ለጸሎት ነው።»

«እንግዲያውስ ለመኪናውም ጸልዪለት። ፍሬኑ ደህና አይደለም» አሉ። ድምፃቸው ግን እንደ ቀልዱ አልነበረም።

ጾሙ በተፈታ ቀን በእማማ ታደለች ቤት ሽሮ ነው የበላነው። ማንም ስለ ሥጋ አላነሳም። በቅዳሴው ላይ የያዝኩት ጸሎት «ገብረ ማርያም» የሚል ስም ብቻ ነበር። ሌላ ቃል ላስገባ ስል ስሙ ይመለስብኛል።

ከዚያ በኋላ ያሉት ቀናት እንዴት እንዳለፉ መናገር ይከብደኛል። ጋሽ ኃይሉ በየጠዋቱ ቢሮ ይመጣሉ። እኔ ሰላም ከማለቴ በፊት ጣታቸውን አያለሁ። እሳቸውም ስለሚያውቁ ከበሩ ላይ ሆነው እጃቸውን ከፍ አድርገው ያሳዩኛል። እንዲህ ስንሳሳቅ ሰንብተን አንድ ጠዋት መጡና ሳይስቁ እጃቸውን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጡ። ከቁስሉ አጠገብ ትንሽ እብጠት ወጥታለች። መሃሏ እንደ ከሰል ጠቁሯል።

«አያምም እኮ» አሉኝ። «ጭራሽ አያምም፣ ልጄ።»

የቆጮዋ አላሉኝም። ልጄ አሉኝ። ያኔ እሳቸውም እንደፈሩ አወቅሁ።

ሆስፒታል አስተኟቸው። እጃቸው እስከ ክርናቸው አበጠ። ትኩሳቱ ሲጨምር የሚናገሩት ይደባለቅባቸው ነበር። አንድ ጊዜ «ፍየሏን ለእማማ ስጪልኝ» አሉኝ። ልጆቻቸው ከያሉበት መጡ። ትልቋ ልጃቸው ኮሪደሩ ላይ ያዘችኝና «አንቺ ቶሎ ባትነግሪያቸው ኖሮስ?» አለችኝ። ልታመሰግነኝ ነው፤ እኔ ግን የሰማሁት ሌላ ነው። ሰላምታ ናፍቆኝ ባልከፍተው ኖሮስ? ይርጋለም ባልናፈቀኝስ? ይህ ጥያቄ አሁንም አልለቀቀኝም።

እግዚአብሔር ይመስገን፣ መድኃኒቱ ቀድሞ ስለተጀመረ እብጠቱ ቀስ እያለ ወረደ። ጥቁሩ ቅርፊት ረግፎ ጠባሳ ተወ። ከፍየሏ የተወሰደው ናሙናም አባሰንጋ መሆኑ ተረጋገጠ። የጤናና የእንስሳት ባለሙያዎች ወደ አበርገሌ ወርደው መከተብና ማስተማር ጀመሩ።

ክረምቱ ወጥቶ መንገዱ ሲደርቅ ዲያቆን ኪሮስ ወደ ሰቆጣ መጣ። ቢሮ ሲገባ ጥቁር ለብሷል፤ ራሱን ተላጭቷል። ሰላም ሳልለው ነገሩ ገባኝ።

«ጸበል ወርደዋል ያልካቸው አባት...»

«አባቴ ናቸው» አለኝ። «የጸበሉ አባቶች ራሳቸው ሐኪም ቤትም ውሰዷቸው ብለውን ነበር። መንገዱ ላይ ሳለን አረፉ።»

አብረን አለቀስን። ትንሽ ሲረጋጋ ሳልጠይቀው ማለፍ አቃተኝ። «ታዲያ አባትህ እንዲያ ሆነው ሳለ እንዴት ደህና ነን ብለህ ጀመርክ?»

ጥያቄው የገረመው ይመስላል። «እህቴ፣ አንቺ ከእናትሽ ርቀሽ ብቻሽን ያለሽ ሰው ነሽ። ገና ስትከፍቺው መርዶ ላስነብብሽ? ሰላምታውን ያስቀደምኩት ክፉው ነገር ቀስ ብሎ እንዲደርስሽ ብዬ ነው።»

«ስሙንስ ለምን አልጻፍከውም?»

«በአባቴ ላይ ልጥራው?» አለኝ።

ለእኔ ብሎ ነው እንዲያ ያለዘበው። ያንን ልዝብ ነገር ግን ከእኔ በፊት ያነበበው ሲስተሙ ነው። እሱ ደግሞ እናት የለው፣ አይደነግጥ፤ ሰላምታውን ወሬ አድርጎ ወሬውን ጣለው።

አቶ ዳዊት በኋላ ደውሎልኝ ነበር። አዝኖ ነው ያገኘሁት። ሲስተሙ ቀይ እንዲያሳይ የሚያደርጉ ቃላት ልኪልኝ አለኝ። አስቤ አስቤ «ከዚህ በተረፈ» እና «በጸሎታችሁ አስቡን» የሚሉትን ላክሁለት። ባስገቧቸው ሳምንት ስክሪኑ ከዳር እስከ ዳር ቀይ ሆነ። የዝቋላው ገዢያችን የልጁ ፈተና ስለደረሰ በጸሎት አስቡኝ ብሎ ኖሯል። ሌላው ከዚህ በተረፈ ብሎ የጠየቀው የስልክ ካርድ ነው። ተሳስቀን ቃላቱን አስወጣናቸው። ሲስተሙ እንደ ነበረ ሥራውን ቀጥሏል፤ እኔም ሁሉንም ጽሑፍ ከላይ እስከ ታች ወደ ማንበቤ ተመልሻለሁ። ኪሮስንም ክፉውን ከፊት አስቀድመህ ጻፍ ብዬ ለመንኩት። ሞከረ፤ አልሆነለትም። «ሰው ቤት ሳንኳኳ የገባሁ መሰለኝ» አለኝ።

ጋሽ ኃይሉ ዛሬም ይነዳሉ። በጠባሳቸው ይኮራሉ፤ ለአዲስ ሰው ሁሉ ያሳያሉ። እማማ ታደለች ፍየል አመጣለሁ ባሏቸው ቁጥር ያማትባሉ።

እኔ ግን ፍርሃቱ አልወጣልኝም። ባለፈው ሳምንት ማጠቃለያው «አበርገሌ፦ ሁሉም ሰላም ነው» አለ፤ አረንጓዴ። ዋናውን ከፈትኩ። ሰላምታውን አነበብኩ፣ ስለ እናቴ የጠየቀውን አነበብኩ፣ ገበያውን አነበብኩ። «ከዚህ በተረፈ» ላይ ስደርስ አማተብኩና ቀጠልኩ። «ጋሽ ኃይሉ በጣታቸው መኩራራቱን ይቀንሱ በይልኝ፣ ወሬው እዚህ ድረስ ደርሷል» ይላል።

ብቻዬን ሳቅሁ። ከሳቅሁ በኋላ ግን ከዚያ በታች ሌላ መስመር አለመኖሩን ለማየት ገጹን እንደገና ወደ ታች ገፋሁት።